አሥራ አራተኛው ጥያቄ

የመመሪያው ገጽ በስድስት ወር ውስጥ የተከፈተው ሰባት ጊዜ ነው። ከሰባቱ አራቱ እኔ ነኝ። አንዱ መመሪያውን የጻፈው ሰው ነው፤ የፊደል ስህተት ሊያርም ገብቶ ወጥቷል። የቀሩትን ሁለቱን ማን እንደከፈታቸው አላወቅሁም። አንደኛው የቆየው አሥራ አንድ ሰከንድ ስለሆነ በስህተት የገባ ይመስለኛል።

በዚያው ስድስት ወር አርባ አንድ የማረጋገጫ ቅጽ ተሞልቶ ደርሶኛል። ቅጹ ሃያ ጥያቄ አለው። አንድ ቡድን አዲስ የመንግሥት አገልግሎት በድረ ገጽ ከመልቀቁ በፊት፣ ማየት የማይችል፣ እጁ የማይታዘዝለት ወይም ዐይኑ የደከመ ሰው ሊጠቀምበት መቻሉን በእነዚህ ሃያ ጥያቄዎች ያረጋግጣል። እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚያስረዳው ያ ማንም የማይከፍተው መመሪያ ነው። አርባ አንዱም ቅጽ ከላይ እስከ ታች «አዎ» ተብሎ ተሞልቷል። ስምንት መቶ ሃያ «አዎ»። አንድም «የለም» አልነበረበትም።

እዚህ ጋቦሮኔ ተዛውሬ ከመምጣቴ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት በከብት በሽታ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። እዚያ አርባ አንድ ናሙና መጥቶ አርባ አንዱም ንጹህ ከሆነ ደስ አይለንም ነበር። መጀመሪያ የምንጠረጥረው ናሙናውን የወሰደውን ሰው ነው። ከአንድ በሬ ደም አርባ ብልቃጥ ሞልቶ፣ ቀኑን ጥላ ሥር ተኝቶ የዋለ ሰው ገጥሞን ያውቃል።

ቅጾቹን ታቅፌ ወደ አለቃችን ወደ ራ ዲካንግ ገባሁ። በእኛ ዘንድ ወንዱን «ራ»፣ ሴቷን «ማ» ብሎ መጥራት አክብሮት ነው። ሎባትሴ ከተማ አንድ ክፍል ተምረናል።

«እንዴት አደርሽ ማ?» አለኝ።

«ደህና፤ አንተስ እንዴት አደርክ ራ?»

«ደህና ነኝ። ሙቀቱስ?»

«እሱማ ገደለን። ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ናቸው። ዝናቡ እንቢ አለ እንጂ።»

ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ አይነሳም። ሲያልቅ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው፣ የገጹንም ቁጥር ነገርኩት።

«መጽሐፉን ሳይገልጡ ፈተናውን መቶ በመቶ አለፉ ነው የምትዪኝ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ማን ነው የሚዋሸው?»

«ወይ አንድ ሰው፣ ወይ ሁሉም። ገና አላወቅሁም።»

ለማወቅ ሦስት ቀን በጎፋኦኔ ቡድን ክፍል ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጎፋኦኔ ከቡድን መሪዎቹ ሁሉ ጠንቃቃዋ ናት፤ እሷ ካጭበረበረች ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ መገመት አይከብድም። ደብተሬ ላይ ማን ምን እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተ ጻፍኩ። መመሪያውን የከፈተ የለም። ቅጹ የሚሞላበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጎፋኦኔ በሩን ዘጋች፣ የጠረጴዛ ስልኩን አነሳች፣ አንድ ቁጥር ብቻ ነካች። ዜሮ።

ዜሮ የስልክ ማዞሪያው ነው፤ ከበሩ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል። እዚያ የሚሠሩት ራ ኬላፒሌ ይባላሉ። ከልደታቸው ጀምሮ ዐይነ ስውር ናቸው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለዚህ መሥሪያ ቤት ስልክ አንስተዋል። ወጣቶቹ ሁሉ «ማሎሜ» ይሏቸዋል፣ የእናት ወንድም እንደማለት ነው። የስልክ መዝገቡን አስወጣሁ። ከአርባ አንዱ ቅጽ ሠላሳ ስምንቱ በተሞሉበት ቀን፣ ከሞላው ቡድን ክፍል ወደ ዜሮ ከሃያ ደቂቃ በላይ የፈጀ ጥሪ ተደርጓል። የቀሩትን ሦስቱን የሞላው ከማዞሪያው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። እነሱ ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ ግድግዳውን አንኳኩተው ይገባሉ።

ይህንን ስነግረው ራ ዲካንግ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ማዞሪያው በኅዳር መጨረሻ ይዘጋል። አዲሶቹ ስልኮች ራሳቸው ያገናኛሉ» አለ። «ሰውየው ለጡረታ አራት ዓመት ይቀራቸዋል። እኛ ክፍል ልወስዳቸው አስቤ ነበር። አሁን ግን በየጠዋቱ የማግዊኛ ከረጢት ሲገባላቸው አይቻለሁ፤ የተጠበሰ ሊጥ ተቀብለው 'አዎ' የሚያድሉ ከሆነ አልወስዳቸውም። በሁለት ሳምንት ሪፖርትሽን ስጪኝ። መቆየታቸውም መሄዳቸውም በእሱ ነው።»

በማግሥቱ ወደ ማዞሪያው ወረድኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጠረጴዛቸው ላይ ዘይት የጠገበ ከረጢት አለ። ከኮምፒውተራቸው የሚወጣ ድምፅ የሆነ ነገር ያነባል፤ ከፍጥነቱ የተነሣ እኔ አንድ ቃል ልለይ አልቻልኩም። ገና «እንዴት አደሩ ራ» ከማለቴ ድምፁን ዘጉት።

«የሦስተኛው ፎቅ የላቦራቶሪ ሴት» አሉ።

«እንዴት አወቁኝ?»

«በስልክ ስትጠይቂ 'እባክዎ' የማትዪ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አፈርኩ፤ ስላፈርኩም ይቅርታ ጠየቅሁ። ሳቁ። ከረጢቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አልበላም፤ አመሰግናለሁ።»

«እናንተ የከብት ሐኪሞች እጃችሁ ለስልሶ በረት ከገባችሁ ከብቱ መጨነቅ አለበት ይባላል።»

«ሐኪም አይደለሁም፤ ብልቃጥ ቆጣሪ ነኝ።»

«የባሰ!»

ቡድኖቹ ለምን እንደሚደውሉላቸው ጠየቅኳቸው። «ይደውላሉ፣ አነሳለሁ። ሥራዬ ማንሳት ነው» አሉኝ። ስለ ቅጹ ስጠይቅ የአባቴን አገር ጠየቁኝ። ደግሜ ስጠይቅ ስልክ ጠራ፤ እውነት ጠርቶ ይሁን ራሳቸው አስጠርተውት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሚደብቅ ሰው እንደዚህ እንደሚያደርግ ግን አውቃለሁ። ደብተሬ ላይ «አልመለሱም» ብዬ ጻፍኩ።

ሰው ካልመለሰ ናሙና መስጠት ነው። ራ ዲካንግን አስፈቅጄ፣ ሊለቀቅ ከተዘጋጀው የከብት መለያ ምልክት ማስመዝገቢያ ገጽ አንድ ቅጂ ወሰድኩ። በቅጂው ላይ አምስት ጉድለት በእጄ አስገባሁ። አንድ ሥዕል ያለ መግለጫ ተውኩ። አንድ ቁልፍ ስም አልባ አደረግሁ። የስም መጻፊያውን ሣጥን ከርዕሱ አላቀቅሁት፤ ገጹን የሚያዳምጥ ሰው ምን እንደሚጻፍበት እንዳያውቅ። በመዳፊት ፈንታ በኪቦርድ ለሚሄድ ሰው መንገዱን አዛባሁበት፤ ከስም ዘሎ ገጹ ግርጌ ይወድቃል። በመጨረሻም ማብራሪያውን ሁሉ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አደረግሁት። ከዚያ ለጎፋኦኔ «ይህንን አረጋግጣችሁ መልሱ» ብዬ ላክሁላት። ያደረግሁትን አልነገርኳትም።

ኬላፒሌ ማጭበርበራቸው እውነት ከሆነ አምስቱም ጉድለት እንዳለ፣ ሃያ «አዎ» ተሞልቶ ይመለሳል። የጠበቅሁት ይህንን ነው።

በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ሥዕሉ መግለጫ አግኝቷል። ቁልፉ ስም አለው። ሣጥኑ ከርዕሱ ጋር ታርቋል። መንገዱ ተቃንቷል። አራቱም! ከዚያ በላይ ደግሞ እኔ ያላስገባኋቸው ሁለት ነገሮች ታርመዋል። አንደኛው፣ ሰው ተሳስቶ ሲጽፍ የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ቀይ ከመሆን በቀር አይነበብም ነበር፤ አሁን ድምፅ ያወጣል። ሁለተኛው፣ ገጹ በአምስት ደቂቃ ራሱን ይዘጋ ነበር። ጎፋኦኔ ከጎኑ «ማመልከቻውን አዳምጦ ለመጨረስ ብቻ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል» ብላ ጽፋለች። ሰዓት ይዤ አዳመጥኩት። ስምንት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

በእኛ ክፍል ሦስት ሰው ደጋግሞ ያየውን ገጽ፣ ከበር አጠገብ የተቀመጡ የስልክ ኦፕሬተር ከእኛ በላይ ፈትሸውታል። ጥርጣሬዬን ልሰርዝ ብዕር አነሳሁ። ከመሰረዜ በፊት ግን አምስተኛውን አየሁ። ግራጫው ጽሑፍ እንደነበረ ነበር። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «የጽሑፉ ቀለም ከመደቡ በግልጽ ይለያል?» ይላል። መልሱ «አዎ» ነው።

ያን ቀንና በማግሥቱ ወደ ኋላ ሄጄ አርባ አንዱንም ገጽ በቀለም መለኪያ ለካሁ። ሃያ ሦስቱ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ የጡረተኞች መመዝገቢያ ነው፤ ዐይኑ የደከመ ሰው ከሁሉ በላይ የሚገባበት።

ጎፋኦኔን ጠራኋት።

«ስትደውዪላቸው ምን ትላላችሁ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ገጹን በኮምፒውተራቸው ይከፍታሉ፤ እኔ ጥያቄዎቹን ከአንድ እስከ ሃያ አነብላቸዋለሁ። እያዳመጡ 'ይሄ ስም የለውም፣ ያ ዘለለኝ' ይሉኛል። አስተካክላለሁ፤ እንደገና ያዳምጣሉ። ማ፣ ምን አጠፋን?»

«አሥራ አራተኛውንም ታነቢላቸዋለሽ?»

ወንበሯን አስተካከለች።

«ጎፋኦኔ።»

«አነባለሁ።»

«ማየት እንደማይችሉ እያወቅሽ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «'ማሎሜ፣ ይቺ ለእርስዎ አትሆንም፣ ዘለልኳት' ልበል? ለአባቴ እኩያ? ነውር አይደለም እንዴ!»

«እሳቸውስ ምን ይሉሻል?»

«'መልካም ነው፣ ቀጥዪ' ይላሉ።»

«አንቺም 'አዎ' ብለሽ ትሞያለሽ።»

«ማሎሜ መልካም ነው ካሉ እኔ ማን ነኝ? እኛ ብቻ አይደለንም፤ ሁሉም ቡድን እንደዚሁ ነው የሚያነብላቸው።»

«መመሪያው ውስጥ እኮ ቀለም የሚለካ መሣሪያ አለ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«የት?»

እዚያው እንድትፈልገው ኮምፒውተሩን አዞርኩላት። «ፈዛዛ ጽሑፍ» ብላ ጻፈች፤ ምንም አልተገኘም። «የማይነበብ ቀለም» አለች፤ ምንም። «ግራጫ» አለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ወንበሮች ግዢ ወጣ። መሣሪያው ያለው «አንቀጽ 1.4.3፣ የብርሃን ንፅፅር ዝቅተኛ ምጣኔ» ከሚል ርዕስ ሥር ነው። መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ በዚያ ስም የሚፈልገው የለም።

«አዩ?» አለች ጎፋኦኔ። «ማሎሜን ግን 'ይቺ ቁልፍ ምን ሆነች' ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። ማግዊኛውም ጉቦ አይደለም፤ ቁርስ ሳይበሉ ነው ከሞሌፖሎሌ የሚመጡት።»

ደብተሬ ላይ ይህንንም ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ማዞሪያው ወረድኩ፤ ሪፖርቱ አለቃዬ ጋ ከመድረሱ በፊት እሳቸው መስማት ነበረባቸው። አምስቱን ጉድለት እንዴት እንዳስገባሁ፣ አራቱን እንዳገኙ፣ ያላየሁትን ሁለት እንደጨመሩ፣ በመጨረሻም ሃያ ሦስቱን ገጽ ነገርኳቸው። ስልክ ጠራ። አነሱ፤ «ይቆዩ፣ አገናኝዎታለሁ» አሉ፤ አገናኙ።

«ሃያ ሦስት» አሉ ከዚያ በኋላ።

«ሃያ ሦስት።»

«ጠርጥሬሽ ነበር። ከረጢቱን እንቢ ስትዪ ጊዜ፣ ይቺ ለመብላት አልመጣችም አልኩ።» ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። «ትጽፊዋለሽ?»

«አራቱንም፣ ሁለቱንም፣ አንዱንም እጽፋለሁ።»

«አንዱን ብትተዪውስ?»

«አልችልም ራ።»

«ልጆቹ ተከብሬ እንድቀር ብለው ነው የሚያነቡልኝ። ይገባኛል። 'ለእኔ አትሆንም' ብላቸው እነሱ ያፍራሉ። ደግሞ…» አቋረጡ። «ደግሞ፣ አንዴ አላውቅም ካልኩ በሌላውም መደወል ያቆማሉ ብዬ ፈራሁ። ኅዳር እየመጣ ነው፤ የሚደውልልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ግን ተሳስቻለሁ። ኦፕሬተር የማያውቀውን 'አውቃለሁ' አይልም፤ ለሚያውቀው ያገናኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ረሳሁ።»

ራ ዲካንግ ቡድኖቹን ሁሉ የጠራበት ስብሰባ የተደረገው ዓርብ ነበር። በእኛ ዘንድ የመንደር ሸንጎ ልማድ ቢሮም ይገባል፤ የፈለገ ይናገራል፣ የተናገረ አይቋረጥም፣ አለቃ የሚናገረው መጨረሻ ነው። ሪፖርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ጋ ስደርስ ከክፍያ ቡድን አንዱ፣ «ዐይነ ስውር ስለ ቀለም የመሰከረበት መሥሪያ ቤት!» ብሎ ሳቀ፤ አንዳንዱም አብሮት ሳቀ።

ራ ኬላፒሌ ተነሱ። «አንተ ሞሩቲ ነህ፤ ሳቅህን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ያቺን ጥያቄ አንብበህልኝ 'አመሰግናለሁ ማሎሜ' ያልከኝ አንተው ነህ።» ሳቁ ዞረበት። «እኔ ግን ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አራተኛዋን አታንብቡልኝ። አላፍርም፤ እናንተም አትፈሩ።»

ጎፋኦኔ ተነስታ ጥፋቱ የእሷም እንደሆነ ተናገረች። ሌሎችም ተከተሉ። መጨረሻ ላይ ራ ዲካንግ ተናገረ። ሃያ ሦስቱ ገጾች በሁለት ሳምንት ይታረማሉ። ራ ኬላፒሌ ወደ እኛ ክፍል ይዛወራሉ፤ በስልክ ሲመልሱ የኖሩትን ከእኔ ጋር ሆነው በመመሪያው ላይ ያሰፍራሉ። «መመሪያው ተጽፎ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ናቸው» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሥራውን በታኅሣሥ ጀመርን። ቡድኖቹ ለራ ኬላፒሌ ሲደውሉ የጠየቋቸውን፣ በጠየቁበት ቃል ሰበሰብኩ፤ ዘጠና ስድስት ጥያቄ ሆነ። የአንቀጽ ቁጥሮቹን ወደ ግርጌ አወረድናቸው። ርዕሶቹ «ቁልፌ ለምን ስም የለውም?»፣ «ጽሑፌ ፈዟል ወይ?»፣ «ገጼ ሰውን ለምን ያስወጣዋል?» ሆኑ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ መልስ ጻፍን። ገጹ በዚያ ሳምንት ስልሳ አራት ጊዜ ተከፈተ።

በሁለተኛው ሳምንት አራት መልስ ሰጡኝ። በሦስተኛው አንድ። በአራተኛው ሰኞ «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል» አሉ፤ ማክሰኞ ሌላ ሰበብ ነበራቸው። ስልክ ሲያወሩ ግን ጉሮሯቸው ደህና ነው። ደብተሬን አወጣሁ፣ ቁጥሮቹን ደረደርኩ፤ የሚወርድ መስመር ነው።

«ራ፣ ሆን ብለው እየዘገዩ ነው» አልኳቸው።

«እንዴ! አሁንም ብልቃጥ ትቆጥሪያለሽ?»

«አሥራ አንድ፣ አራት፣ አንድ። ምክንያቱን ይንገሩኝ።»

ከመሳቢያ ፖስታ አውጥተው ሰጡኝ። የዝውውር ደብዳቤያቸው ነው። «ሁለተኛውን አንቀጽ አንብቢልኝ። እኔ አዳምጬዋለሁ፤ በአንቺ ድምፅ ልስማው።»

አነበብኩ። «ከላይ የተጠቀሱት ሠራተኛ በዚህ ክፍል የሚቆዩት መመሪያው ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ይሆናል።»

«ዘጠና ስድስት ጥያቄ ነው ያልሽው?» አሉ። «በመጀመሪያው ሳምንት አካሄድ በየካቲት እጨርሳለሁ። ከዚያ መጋቢት ላይ ማሎሜን ማን ይፈልጋቸዋል? መመሪያው አለ! እናንተ ስታጨበጭቡ እኔ 'እስኪያልቅ' የምትለዋን እያዳመጥኩ ነበር።»

ቃሏ ስትነገር እዚያው ተቀምጬ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ደብተሬ ላይ ያለው «ተዛወሩ» ብቻ ነው።

እንዲፈጥኑ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እንዲዘገዩም ልነግራቸው አልችልም፤ ያልተጻፈው መልስ ሁሉ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው በር ላይ ያስቆማል። ያን ቀን ሌላ ሥራ ሠራሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍናቸውን አሥራ አንድ መልሶች ሰው ገጾቹን በሚያዳምጥበት አዲስ የእጅ ስልክ ሞዴል ላይ ፈተሽኳቸው። ሁለቱ አልሠሩም። ስልኩ ተቀይሮ፣ መልሱ በሦስት ሳምንት አርጅቷል። በላቦራቶሪ ቢሆን ኖሮ አይገርመንም ነበር፤ ማንኛውም ብልቃጥ የሚያበቃበት ቀን ይለጠፍበታል።

በየመልሱ ሥር ሦስት መስመር ጨመርኩ፤ ማን እንደፈተሸው፣ መቼ እንደተፈተሸ፣ በድጋሚ የሚፈተሽበት ቀን። በማዳመጥ ለሚፈተሸው ሁሉ «ኬላፒሌ» ብዬ ጻፍኩ። ለቀለሙ «ጎፋኦኔ»። ቀጣዩ ቀን በየሦስት ወሩ ነው። በማግሥቱ አነበብኩላቸው።

«ሦስት ወር ሲሞላ?»

«እንደገና ያዳምጣሉ። ካልሠራ ይለወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ።»

 ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በይ ጻፊ፤ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ምንድን ነበር?» አሉኝ። ያን ቀን ዘጠኝ መልስ ጻፍን።

በየካቲት መጨረሻ ዘጠና ስድስቱም ሞሉ። ራ ዲካንግ ጠራኝ፣ ሰላምታችንን ጨረስን፣ ገጹን ከፍቶ ወደ ታች ወረደ።

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። እንግዲህ አልቋል ማለት ነው?»

«ዘጠና ስድስቱ ተጽፈዋል። አሥራ ስድስቱ በሚቀጥለው ወር ይፈተሻሉ፤ ሃያ ሁለቱ ከዚያ ቀጥሎ ባለው።»

«እሱማ ገባኝ። የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ስልክ መቀያየር ሲያቆም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ማያ ገጹን፣ ከዚያ ደግሞ እኔን።

«ይህን ቀን የመለጠፍ ነገር ያመጣው ማን ነው? እሳቸው ናቸው ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ። ሁለት መልስ አርጅቶ አግኝቼ ነው፤ የፈተሽኩበት ሰነድ ይኸው።»

ሰነዱን ተቀበለኝ። ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ስህተት አላገኘበትም፤ ሲፈልግ ግን አይቼዋለሁ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ የራ ኬላፒሌን የዝውውር ደብዳቤ ቅጂ አወጣና፣ ሁለተኛውን አንቀጽ ጣቱን አስደግፎ ማንበብ ጀመረ፤ «እስኪያልቅ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።